ጄኔራሉ ያጻፈኝ የሕይወት ታሪክ

የናስ መወልወያ ቅባት ሲሸተኝ እስከ ዛሬ አፌን ይመረኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ በስደት በምኖርበት አገር፣ ማሪቢርኖንግ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ የደረጃውን መደገፊያ ስትወለውል ሽታው ደረሰኝና የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ ወጣሁ። ምን ሆንሽ ካላችሁኝ፣ ጄኔራሉ ነው ትዝ ያለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፣ በእረፍት ሰዓት የካርቶን ክዳን ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሁለት ሠርግ ላይ ካነበብኩ በኋላ ግን “ገጣሚዋ” ተብዬ ቀረሁ። እንደኛው ተሰዶ የመጣው ጄኔራልም ያስጠራኝ ለዚሁ ነው፤ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በቁሙ ማጻፍ ፈለገ።

“ሰው ከሞተ ማንም ይዘባርቅበታል” አለኝ። “እኔን ማንም አይዘባርቅብኝም።”

እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የዘመተው በዚህ ሰው ጦር ውስጥ ነበር፤ ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሞቷል ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ አለ ብላም አላረፈች። “ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ” ትለኝና ድፎ ዳቦ አስይዛ ትልከኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ኬንሲንግተን፣ ጄኔራሉ ወደሚኖርበት የመንግሥት የኪራይ ፎቅ እወጣ ነበር። በመስኮቱ የባቡር ድምፅ ይገባል፤ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ኒሻኖች ላይ ያርፋል። ጄኔራሉ በአሮጌ ካናቴራ ይወለውላቸዋል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ። በዚያው እጁ፣ ሳይታጠብ፣ የእናቴን ዳቦ ይቆርሳል፤ ጣቱን እየላሰ ያጽፈኛል። የጦር አካዳሚ ትምህርቱን፣ ውጭ አገር የወሰደውን ሥልጠና፣ እያንዳንዱ ኒሻን በየትኛው ግንባር ደረቱ ላይ እንደተሰካ። ፊት ለፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

“ጦሩ ሸሸ” ብዬ የጻፍኩ ቀን ወረቀቱን ነጠቀኝ። “ሽሽት የሲቪል ወሬ ነው! ስልታዊ ማፈግፈግ በይ፣ አንቺ!” ቀጥሎ ያጻፈኝን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ “ከወደቁት ወታደሮቼ አፈር ሳይለብስ የቀረ አንድም የለም።” ሐሳቡ የሱ ነው፤ ያሳመርኩት እኔ ነኝ።

“ጋሼ፣ በእርስዎ ጦር ውስጥ የነበረ ወንድም ነበረኝ” አልኩት በዚያው።

“ስንቱን አስታውሼ እዘልቀዋለሁ? ጻፊ” አለኝ፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ። ስሙን እንኳ አልጠየቀኝም።

መጋዘናችን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ የሚነዳው ጎልማሳ የጄኔራሉ ወታደር ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር አነበብኩለት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

“እኛን የቀበረን ጅብ ነው፣ እህቴ። ሰውዬሽ ሄሊኮፕተር ላይ ሲወጣ ሁለት ቁስለኛ አስወርዶ ፍሪጁን ነው የጫነው። አንድ ኒሻን ጨምሪለት፤ የፍሪጅ።”

ምሳዬን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ ጄኔራሉ ቤት አልሄድኩም። ለእናቴ ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም፤ ጅብ የሚለውን ቃል በየትኛው አፌ?

በዚያው ክረምት ሞተ። የቀብር ኮሚቴው “የጻፈችው ታንብበው” አለ። እሺ አልኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥር ግን ሄሊኮፕተሩን፣ ቁስለኞቹንና ፍሪጁን በሁለት መስመር ጨመርኩበት። ሬሳው ፊት ላነበው ቆርጬ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ኒሻኖቹ ቀይ ትራስ ላይ ተሰክተው ያብለጨልጫሉ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። “አፈር ሳይለብስ የቀረ አንድም የለም” ብዬ ሳነብ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከቆምኩበት ይታየኛል። የኔን ሁለት መስመሮች አየኋቸው። ዘለልኳቸው። “ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ” ወደሚለው አለፍኩ። ያን ዕለት ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ እናቴ ወደኔ ዞረች። “የኔንም ልጅ አፈር አልብሰውታል ማለት ነው?”

“አዎ፣ እማዬ።”

በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ለወንድሜ ለቅሶ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ባለ ፎርክሊፍቱ ከነሥራ ልብሱ መጣ። እናቴ የዚያ ጦር ሰው መሆኑን ሰምታ ኖሮ ገና ሳይቀመጥ እጁን ያዘችው።

“አንተ ነበርክ አይደል እዚያ? ልጄን ቀበራችሁት?”

እሱ ወደኔ አላየም። እፊቷ ተንበረከከ።

“አዎ፣ እትዬ” አላት። “በዚህ በእጃችን ነው የቀበርናቸው።”

እናቴም እጆቹን እያገላበጠች ሳመቻቸው።