ጡት እስክትጥል

ቃለሕይወትና ራኬብ የተስማሙት በስልክ ነው። እሱ ከጅግጅጋ ማዶ የመንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል፤ በሁለት ወር አንዴ ለአራት ቀን ቤቱ ይመጣል። እሷ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ የአሥር ወር ልጃቸውን ያኤልን ይዛ ብቻዋን ናት። መሥሪያ ቤቷ ወይ ተመለሺ ወይ ልቀቂ የሚል የመጨረሻ ደብዳቤ ጽፎላታል።

«ሶዶ እናትሽ ጋ ላኪያት» አለ ቃለሕይወት። «በሰው እጅ ከምትንከራተት አያቷ ጋ ትደግ።»

«ጡት የምትጠባ ልጅ እንዴት አድርጌ ነው የምልከው?»

ቃለሕይወት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ አይነጠልም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጡት እስክትጥል አንቺ ጋ ትሁን።»

ራኬብ ስልኩን ስትዘጋ ያሸነፈች መሰላት። ሁለት ዓመት እስኪሞላት አጠባታለሁ አለች በልቧ፤ እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔር ሌላ መንገድ ይከፍታል።

ሥራዋ ጎፋ አካባቢ፣ የአንድ ባንክ የስልክ አገልግሎት ክፍል ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ሠርታለች። ደንበኛ ሲሳደብ ድምጿ ከፍም ዝቅም ስለማይል፣ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ የሷን የጥሪ ቅጂ እያሰሙ ነበር የሚያስተምሩት። በኦፕሬሽን ወልዳ፣ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ቆየች። ሊያግዟት ከሶዶ የመጡት እናቷም እህላቸውን የሚሰበስብ ሰው ጠፍቶ ተመልሰው ሄደዋል።

ያኤል ጡጦ አልያዘችም። ሦስት ዓይነት ጡጦ ተሞከረ፤ የጎማውን ጫፍ በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች። ገንፎ ትበላለች፣ ድንችና ካሮት ትበላለች። ወተት ግን ከእናቷ ደረት ካልሆነ አትቀበልም። ቀን ቀን እንዲይዙላት የተለመኑት እትዬ አረጋሽ፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ የግቢው ጎረቤት፣ «ግድ የለሽም፣ ሲርባት ትለምደዋለች» አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደምንም አለፈ። ራኬብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አጥብታ ትወጣለች፤ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ተሰልፋ ታክሲ ትይዛለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ከመቀመጫዋ ስትነሳ «ዕረፍት» የሚለውን ትጫናለች፣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ከአሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈች ስሟ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ቀይ ሆኖ ይወጣል። በዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ሽንት ቤት ገብታ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ብርጭቆ ጡቷን በእጇ ታልባለች። በር ይንኳኳል። የተንኳኳ እንደሆነ ወተቱም ይቆማል።

የቡድን መሪዋ ቤተልሄም ነገሩ ገብቷት የሥልጠና ክፍሉን ቁልፍ ሰጠቻት። ያ ጥሩ ጊዜ ነበር። በሩን ቆልፋ፣ የያኤልን ፎቶ ከፊቷ አስቀምጣ፣ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ታልባለች። ብርጭቆዋን ላስቲክ ውስጥ አድርጋ የሠራተኛው ፍሪጅ ውስጥ ታኖራለች። በሁለተኛው ሳምንት ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ «ከምግብ በስተቀር ሌላ ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው።»

«ምግብ ነው እኮ» አለች ራኬብ።

«አውቃለሁ» አለች ቤተልሄም። «ሠራተኞች ቅሬታ አቀረቡ። ስማቸውን እንድነግርሽ አትጠይቂኝ።»

ከዚያ ወዲህ በረዶ የሠራ የውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ ከቤት ይዛ መምጣት ጀመረች፤ መብራት የጠፋ ዕለት በረዶ የለም፣ ያለበችውን እዚያው ትደፋዋለች። በረዶ ያለ ዕለት ግን በማግስቱ እትዬ አረጋሽ በማንኪያ እንዲሰጧት ይዛው ትገባለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ግቢው ስትደርስ ያኤል ድምጿን ሰምታ እየዳኸች ትመጣለች። እትዬ አረጋሽ ግን አፈፍ አድርገው ይይዟታል። «ቆይ እስቲ፣ ሰውነትሽ ይብረድ። ፀሐይና መንገድ የመታው ጡት ሆድ ያምማል።» ራኬብ አታምንበትም፤ ልጇን የያዙላትን ሴት ማስቀየም ስለማትችል ግን አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላ ልጇ ስታለቅስ ታያለች።

በአንድ ወሩ ነው እውነቱን ያወቀችው። ቅዳሜ ዕለት ልብስ እያጠበች፣ «እትዬ፣ ትናንት ስንት ማንኪያ ጠጣችልኝ?» አለቻቸው።

እትዬ አረጋሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ልጄ፣ አልዋሽሽም። አንድም ቀን አልጠጣችውም። ትተፋዋለች። እንዳይከፋሽ ብዬ ጠጣች እልሽ ነበር።»

«የት ነበር የሚሄደው ታዲያ?»

«ደፋሁት።»

ራኬብ አልተቆጣችም። የታጠበውን ሸሚዝ ጨምቃ፣ አስጥታ፣ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ያንን ሁሉ ብርጭቆ አሰበች፤ በር እየተንኳኳ የታለበውን፣ ምሳዋን ትታ ያለበችውን። ሰኞ ግን ማለቧን ቀጠለች። ካላለበች እንደሚነጥፍ ታውቃለችና።

በዚያው ሳምንት ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ደወለች። ማሽኑ ካርዷን ውጦባት ተደናግጣለች። ከኋላዋ ጨቅላ ሕፃን ያለቅሳል፤ ለቅሶው ስልኩን ይሞላዋል። ራኬብ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ጡቷ ግጥም ብሎ ሞላ፣ ውስጥ የደረበችውን ጨርቅ አልፎ ሸሚዟን አራሰው። ሴትዮዋ የሂሳብ ቁጥሯን ትጀምራለች፣ ይጠፋባታል፣ ሕፃኑ ይጮሃል፣ እንደገና ትጀምራለች።

«እመቤት» አለች ራኬብ፣ «መጀመሪያ ልጅዎን ያጥቡት። እኔ መስመር ላይ ሆኜ እጠብቅዎታለሁ።»

«አይዘጋብኝም?»

«አልዘጋውም።»

ለቅሶው ተቋረጠ። ቀጥሎ ሕፃኑ ሲውጥ ተሰማ፤ ትንሽ ጉርጉርታ፣ ከዚያ ረዥም ትንፋሽ። ራኬብ ሁለት ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ ሰማች። አራት ደቂቃ። ከዚያ ሴትዮዋ ቁጥሩን አንድም ሳትስት ነገረቻት፣ ካርዱ ታገደ፣ አመስግና ዘጋች።

በማግስቱ ቤተልሄም ጠርታ ቅጂውን አሰማቻት። «አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ዝምታ ነው። ከላይ ለቁጥጥር የመረጡት ጥሪ ይሄው ሆነ።»

«እያጠባች ነበር።»

«ይሰማል። እኔም ሰምቼዋለሁ።» ቤተልሄም ቅጂውን አቆመችው። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን በሦስተኛ ወሩ ነው ያስጣልኩት። ደረቴን በነጠላ ጠፍሬ አስሬ። ሁለቱንም መያዝ ይቻላል ያለኝ ሰው አልነበረም። አንቺን ሳይ ይቻል ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።»

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ራኬብ ፈረመች።

ቀጥሎ አዲስ ተቀጣሪዎች ገቡ፤ የሥልጠና ክፍሉ ተያዘ፤ ቁልፉ ተመለሰ። ሽንት ቤት ሰልፍ ስላለ አንዳንድ ቀን ሳታልብ ትውላለች። አንድ ሐሙስ የቀኝ ጡቷ ድንጋይ ሆነ፤ አርብ ትኩሳት ጣላት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መድኃኒት ሰጥታ «በዚያው በሚያምሽ ጡት አጥቢ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢ» አለቻት።

«ቀን ሥራ ላይ ነኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት፤ ካርዷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ሕመሙ ለቀቃት፤ ወተቱ ግን በዚያ በኩል አልተመለሰም። ግራውም እየሳሳ ሄደ። አብሽ አፍልታ ጠጣች፣ አጥሚት ጠጣች፣ ሐሙስ ሐሙስ አብረዋት ከሚጸልዩ እህቶች ጋር ጾማ ጸለየች፤ ከዚያ መጾሙ ራሱ ወተቱን ቀንሶት ይሆናል ብላ ተጸጸተች። ያኤል ጥቂት ትስብና ለቃ ታለቅሳለች፣ ጡቱን በመዳፏ ትመታዋለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራኬብ አቅፋ ጡት ስትሰጣት ያኤል ፊቷን አዞረች። አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ያለውን ዳቦ ጠቆመች። ራኬብ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠቻት፤ ማታ ሞከረች፣ በማግስቱ ሞከረች። አሥራ ሦስተኛ ወሯ ላይ ነበረች።

ለቃለሕይወት አልነገረችውም። በየማታው ሲደውል «ትጠባለች?» ይላታል፤ «ትጠባለች» ትለዋለች። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለች። ከዚያ በፊት ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። በሃያኛው ቀን እሱ ራሱ በፈቃድ መጣ። ሁለት ቀን ልጅቷ የምትበላውን አየ። በሦስተኛው ቀን ያኤልን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሻይ በዳቦ እያበላት፣ ቀና ሳይል፣ «ጥላለች አይደል?» አላት።

«ጥላለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለምትወስዳት።»

ቃለሕይወት ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ግን እትዬ አረጋሽ ቢሾፍቱ ያለችው ልጃቸው ልትወልድ ደርሳ ሊሄዱ ነው፤ ሌላ የሚይዝ ሰው የለም፤ የሁለቱም ሥራ አይተውም። ራኬብም የምትከራከርበት ነገር አልቋል። የቀረው ልጇን እንደምትወዳት መናገር ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ እሱም ያውቃል።

የራኬብ እናት ከሶዶ መጥተው ያኤልን ወሰዷት። ራኬብ ለሽኝት የጠየቀችው ግማሽ ቀን ስላልተፈቀደላት፣ ልጅቷ የተሳፈረችው ጠዋት እሷ ሥራ ከገባች በኋላ ነው። ቃለሕይወት አሳፍሮ ደወለላት፤ ጥሪ ላይ ስለነበረች ሳታነሳው ቀረች።

ከሦስት ወር በኋላ ራኬብ ለፋሲካ ሁለት ቀን አግኝታ ሶዶ ወረደች። ያኤል መራመድ ጀምራለች። አያቷን «እማ» ትላለች፤ ከወላይትኛ ጥቂት ቃል ይዛለች። ራኬብ ስታነሳት አልተቃወመችም፤ እንግዳ የሚያቅፋት ልጅ እንደምትሆነው ጭምት ብላ ቆየችና ወደ አያቷ እጇን ዘረጋች።

«ጥቂት ቀን ስጪያት፣ ትለምድሻለች» አሉ እናቷ።

ሰኞ ማለዳ ራኬብ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሲነሳ ያኤል ተኝታ ነበር። አልቀሰቀሷትም።