ጣና ውስጥ ቆሜ ያስቆጠርሁት ፊደል

«አንተ፣ ሐይቅ ውስጥ ቆመህ ፊደል ያስቆጠርኸኝ ልጅ አይደለህም?»

ዛሬ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። በዚህ ሽበቴ «ልጅ» መባሌን ልብ በሉልኝ!

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። እጩ መምህር ሳለሁ ጣና ዳር ልብስ ለሚያጥቡ እናቶች መሠረተ ትምህርት እንዳስተምር ተመደብሁ። የፊደል ገበታዬን ዋርካው ላይ ሰቅዬ ብጮህ፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ ውሃው፣ ጀርባቸው ወደ እኔ። ዙሩ አይባሉ ነገር፣ ሥራ ላይ ናቸው።

ሊገመግሙኝ የመጡት አሠልጣኛችን ጠጋ ብለው «ዓይናቸው ወዳለበት ሂድ» አሉኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሱሪዬን ጠቅልዬ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ። ገበታውን ከፍ አድርጌ «ሀ!» ስል፣ እንዶዱን እያሹ «ሀ!» አሉኝ።

ዛሬ እማማ መውረጃቸው ሲደርስ የመንገድ ዳሩን ሱቅ ስም ራሳቸው አንብበው ባጃጁን አስቆሙ።

ደግፌ ሳወርዳቸው ሳቅ አሉ። «ያን ቀን እኮ አጥቤ ጨርሼ ነበር። አንተ ብርድ ላይ ቆመህ እንዴት ጥዬህ ልሂድ? ንጹሑን ልብስ ደግሜ አጠብሁት።»

መምህራን ወዳጆቼ፣ ለእናንተ ሲል ንጹሕ ልብስ ደግሞ ያጠበ ተማሪ ነበራችሁ? እስኪ ንገሩኝ።