ሐረጎ ላይ የተፈተነው ጃኬት

ሐይቅ ላይ ብቻዬን ጀልባ መቅዘፍ ስለምወድ፣ የማያንቀኝ፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ፍለጋ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣሁ። አክስቴም ተከተሉኝ። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በባለሱቁ መጥረጊያ አየሩን ቀዘፍኩት። አንዱ ጃኬት ብብቴን ይልጠኛል፤ ሌላው ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር አገጬን ይጎሽመኛል። በር ላይ ቆመው የሚስቁብኝን ሰዎች "ሰው ሲቀዝፍ አይታችሁ አታውቁም?" ብዬ ጮህኩባቸው። ደሴ ተራራ ላይ መሆኗን በንዴት ረስቼው ነበር። በመጨረሻ ብብቱ ሰፋ ያለ ብርቱካናማ ጃኬት ገዛሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል፣ አክስቴ ጃኬቱን ከፌስታል አውጥተው በሻርፓቸው ላይ ደረቡት።

"ኧረ አክስቴ፣ የውኃ ነው!" አልኳቸው አፍሬ።

"ውኃው የትም አይሄድ። መጀመሪያ ይሄን ገደል እንለፈው" ብለው ማሰሪያውን አጠበቁ።

ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው ተቆጣ። "እናቴ፣ በእኔ አያምኑም ማለት ነው?"

"በአላህ ነው የማምነው። አንተ መንገዱን እይ!"

አክስቴ ሐረጎን ሁልጊዜ የሚወርዱት ጉልበቴን ጨምድደው ዱዓ እያደረጉ ነበር። ያን ዕለት ግን እስከ ኮምቦልቻ አንኮራፉ።

መናኸሪያ ስንደርስ ሾፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ጃኬቱን የገዛችሁበት ሱቅ የእኔ ልክ ይኖራል?" አለኝ።