ከወንዙ ዳር

አያቴ ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚወርደውን ወንዝ ዝም ብለው አይሻገሩም ነበር። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ በአርዲቦ በኩል ይዘንባል። ስለዚህ ጎንበስ ብለው ውሃውን በእፍኛቸው ጨልፈው ያሸቱታል። አፈር አፈር ከሸተታቸው ከዘራቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው፣ «ደራሽ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ወላሂ ማንም አይገባም» ይላሉ። ካልሸተታቸው ደግሞ፣ «በሉ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ እለፉ» ይሉናል።

በቀብራቸው ዕለት በአርዲቦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መቃብሩ ከወንዙ ማዶ ነው። ጀናዛውን ተሸክመን ዳር ስንደርስ ከፊት ያለው አጎቴ ቆመ፤ ሁላችንም ቆምን።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ሳይሞላ እንሻገር እንጂ» አለ አንድ ጎረቤት ከኋላ።

የምንጠብቀው «በሉ እለፉ» እስኪሉን ነበር። እሳቸው ግን ትከሻችን ላይ ነበሩ።