ባና የለበሰው በለስ

ባለፈው እሁድ እማዬ ቤት ሄጄ በግቢው ጥግ ያለውን በለስ ስከረክም፣ የቆረጥኩት ቅርንጫፍ ነጭ ወተቱን አንጠባጥቦ ሽታው ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ትኩስ ሣር ሣር የሚል፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ መራራ ሽታ ነው፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ብቻ እሱ በሸተተኝ ቁጥር ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ የያዘች የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እገኛለሁ፤ እስከ ዛሬም ትንሽ ያሳፍረኛል።

ያኔ ከአሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን መምጣታችን ነበር። አባዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ፣ ቀድሞን መጥቶ የጭቃ ቤት ከነጓሮው ካዘጋጀ በኋላ እኔንና እማዬን በሰኔ አስመጣን። እማዬ ቆላ ተወልዳ ቆላ ያደገች ሴት ናት። በእናቷ ጓሮ ሎሚው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ብርቱካኑ እየተጋፋ ይበቅል ስለነበር፣ ፍሬ ማለት ለእሷ ከደጅ ወጣ ብሎ የሚቀጠፍ እንጂ ገበያ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ግን በለሱን ነበር፤ «በቁርኣን ስሙ የተጠራ ዛፍ ነው» እያለች «ቢስሚላህ» ሳልል ፍሬውን አታቀምሰኝም ነበር። ከቆላ ስንወጣም ከዚያው ዛፍ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ያንን ሁሉ የአንኮበር ዳገት እንደ ሕፃን አቅፋው መጣች። እኔን ማን አቀፈኝ? ማንም! በጆንያዎቹ መሃል ተሸጉጬ ነው የወጣሁት።

ክረምቱ ሲገባ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ተከለችው። አባዬ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያየ፣ «ዘሀራ፣ እዚህ አገር እኮ ገብስና ባቄላ ነው የሚበቅለው» ሲላት፣ ቀና ሳትል፣ «ይኼ ከያዘ እኔም ይዤ እቀመጣለሁ፤ ካልያዘ ግን ወደ እናቴ ቤት እወርዳለሁ፣ አንተና ልጅህ ከብርዳችሁ ጋር ተፋቀሩ!» አለችው። አባዬ ሳቀ። እኔ ልጅ ነኛ፣ ቃሏን እንዳለ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ሮጬ ያንን እንጨት አየው ነበር።

በአጥር የምትዋሰነን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የመንዝ ሴት ነበረች፤ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጥ ነበር። ጓሮዋ ውስጥ ኮክና ፕሪም ነበራት፤ ኮኩ ሲደርስ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው የብረት ሳህን ሞልታ በአጥሩ ላይ ታቀብለን ነበር። የሰው ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። እማዬ ስኳርም ሆነ ቆሎ ፈልጋ ጣል አድርጋበት ትመልስ ነበር እንጂ ከጓሮዋ የምትሰጠው ስላልነበራት፣ ሳህኑን በሰደደች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። «እኔ የእናቴ ልጅ፣ ለሰው ሎሚ እንኳ ልጣ!» ትል ነበር። ያ ሳህን ሲመጣ እኔ በኮኩ ስደሰት እሷ ታዝናለች።

መስከረም ሲጠባ እንጨቱ አምስት ቅጠል አወጣ። እማዬ ያን ሰሞን ልብስ ስታጥብም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ታዜም ነበር፤ አባዬንም «እህ፣ ገብስና ባቄላ ነው የሚበቅለው ያልከኝ ሰውዬ የት ገባ?» እያለች ታበሽቀው ነበር። እኛ የቆላ ሰዎች ግን የደብረ ብርሃንን ኅዳር አናውቀውም።

አንድ ማለዳ ተነስቼ ስወጣ ግቢው ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ ሆኗል። የበለሱ ቅጠሎችም ነጭ ለብሰው ድርቅ ብለዋል። አባዬ ከሱብሒ ስግደት በፊት ውዱእ የሚያደርግበትን ውሃ እማዬ ታሞቅለት ስለነበር፣ ፊቱንና እጁን ታጥቦ «እሰይ! ነፍሴ ተመለሰች» ሲል በየማለዳው እሰማዋለሁ። ታዲያ የአባዬን ነፍስ የመለሰ ውሃ የበለሱን ነፍስ ለምን አይመልስም? በማንቆርቆሪያው የተረፈውን ሙቅ ውሃ አንስቼ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቅጠል ሳልዘል፣ ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት። እንፋሎቱ ቦለል ሲል እንዴት ደስ አለኝ! በሐሳቤ እማዬን ያዳንኳት እኔ ነኝ።

እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ ጠቁረው ተንጠለጠሉ። እማዬ ቆማ አየችው፣ ነካችው፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ቤት ገባች። በማግስቱ ስታለቅስ እንደነበር ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ልብሶቿን በትልቁ ሻርፕ ስትቋጥር ሳያት በሩ ጀርባ ተሸሸግኩ። ሙቅ ውሃ ማፍሰሴን ማታ አልነገርኳት፣ ጠዋትም አልነገርኳት።

ያን ቀን እማዬ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስላልወጣች እትዬ አስካለ ልትጠይቃት መጣች። ጓዙን አየች፣ በለሱን አየች፣ ሁሉም ገባት። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጥፍር የእንጨቱን ልጥ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

«አንቺ ዘሀራ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ማን ይቀብራል? ነይ እይው!»

እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ ስሰማ ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ እሪ ብዬ ወጥቼ፣ «እኔ ነኝ! የአባዬን ሙቅ ውሃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ! እማዬ አትሂጂ!» አልኩ። እየተንሰቀሰቅሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ! አይዞሽ ልጄ፣ ባታፈሺበትም ውርጩ ቅጠሉን አይምረውም ነበር፤ እንዳንቺ ያለ ሐኪም ግን አይቼ አላውቅም» አለችኝ። እማዬ ጓዙን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። እሷም አለቀሰች።

የዚያኑ ዕለት እትዬ አስካለ እንጨቱን አንድ ስንዝር አስቀርታ ቆረጠችው፤ ሥሩን በፍግና በጭድ ከብበን ካበቃን በኋላ ከቤቷ አሮጌ ባና አምጥታ ደረበችለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማልበስ፣ ፀሐይ ስትሞቅ መግፈፍ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ጥር እስኪያልፍ አንድም ቀን አልረሳሁም። ሰፈሩ «የዘሀራ በለስ ባና ደረበ» እያለ ሳቀብን። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሠራ የሚውለው አባዬም፣ «እኔን እንኳ እንዲህ የሸፈነኝ የለም» እያለ ያጉረመርም ነበር። እማዬ ጓዟን አልፈታችውም ነበር፤ አልጋው ሥር አስቀምጣው ትጠብቃለች፣ እኔም እሷን እጠብቃለሁ።

የበልግ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሥሩ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። እማዬ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቤት ገባች፤ ተከትያት ስገባ ሻርፑን ፈትታ ልብሶቿን ሳጥን ውስጥ ታስገባለች። በሦስተኛው ዓመት ሦስት ፍሬ አፈራ። እኔና አባዬ አፋችንን ከፍተን ስንጠብቅ ሦስቱንም በሰማያዊው ሳህን አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ በአጥሩ ላይ ለእትዬ አስካለ አቀበለቻት። እትዬ አስካለም አንዱን ቀምሳ ሁለቱን በኮክ አጅባ መለሰችልን።

አባዬም እትዬ አስካለም አሁን የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። በእትዬ አስካለ ቤት ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ዘነበች የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራይታለች። እዚያ ማንጎና ቡና ነበረኝ ትላለች፣ ብዙ አታወራም። ልጅ ሳለሁ እማዬን ያስቀራት በለሱ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው በለሱንም እማዬንም ያተረፈቻቸው ጥፍሯን ይዛ የመጣችው ጎረቤታችን ናት። ስለዚህ እሁድ ዕለት ከከረከምኩት አንዱን ቅርንጫፍ በዘይት ጀሪካን ተክዬ፣ አዲስ ብርድ ልብስና ያንን አሮጌ ባና ደርቤ ወሰድኩላት።

«አዲሱ ለልጆቹ ነው» አልኳት። «አሮጌው ለዛፉ።»

«ለዛፍ ብርድ ልብስ?» አለችና ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሰምታን፣ «ዘነቡዬ! ሙቅ ውሃ ብቻ እንዳታጠጪው፣ እሷን ጠይቂያት!» ብላ ጮኸች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታነሳብኝ ኖራለች። ታንሳብኝ፤ የምታነሳብኝ እናቴ ይኸው አልሄደችም።