በአንድ ገጽ የሚያልቅ ደብዳቤ

የቢሯችን ጸሐፊ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊደል ስታሳንስ የኖረች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጃችን ከአንድ ገጽ ያለፈ ደብዳቤ አይፈርሙም፤ «ረጅም ደብዳቤ የሰነፍ ነው» ይላሉ። ራሳቸው ሲያስጽፉ ግን ማቆሚያ የላቸውም። እሷም ያሉትን ሁሉ ትተይብና ገጹ ሲሞላባት የፊደሉን መጠን ትቀንሳለች። ድሮ አሥራ ሁለት የነበረው ዘንድሮ አምስት ገብቷል፤ ወረቀቱ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። መነጽር ማድረግ ለእሳቸው ሞት ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ለደቂቃ ትክ ብለው ያዩና ይፈርማሉ።

ባለፈው ሰኞ ፈርመው ሲመልሱላት «አየሽ፣ ሲያጥር እንዴት ግልጽ እንደሚሆን» አሏት።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለች።

የፈረሙት የራሳቸውን የጡረታ ማመልከቻ ነበር። ሽኝታቸው ዓርብ ነው፤ ማስታወቂያውን በሰባ ሁለት ቁጥር ፊደል ለጥፋዋለች።