አጎቴ የሚያንኳኩት ፎቅ

አጎቴ በደብረ ብርሃን አሮጌ ፎቆች ሥር ሲያልፉ ግድግዳውን በከዘራቸው ቀስ ብለው አንኳኩተው ጆሯቸውን ይለጥፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ይከፍትልኛል ብለው ነው?» ስላቸው፣

«ዝም በል አንተ! ጤናውን እየጠየቅሁት ነው፤ በቁሙ እንዳይቀብሩት» ይሉኝ ነበር።

ያለ መምህር ግንበኝነትን የተማርሁ፣ በዚህ ከተማ አቻ የሌለኝ እኔ እስቅባቸው ነበር።

ካረፉ በኋላ አርባቸው ሳይወጣ ከሚያንኳኳቸው ፎቆች ትልቁ ፈረሰ፤ ቦታው አሁን ባዶ ጉድጓድ ነው። አጠገቡ የቀረው የድንጋይ ፎቅም በቀይ ቀለም የመፍረሻ ምልክት ተደርጎበት በሩ ታሽጓል። ትናንት ጠዋት በጉሙ ውስጥ ሄጄ በእሳቸው ከዘራ አንኳኳሁና ጆሮዬን ለጠፍሁ። ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ በድንጋይ ነገር እኔን የሚያታልል የለም። ልሄድ ስል ግን ከውስጥ አንድ ሰው አንኳኩቶ መለሰልኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ እሳቸው።

ለማፍረስ የምትመጡ ሁሉ፣ ቤቱ ሰው አለበት።